ለጎሚስታና ለአነስተኛ ጋራዥ የአየር ኮምፕሬሰር አመራረጥ፦ ለደብረ ብርሃንና ለአካባቢዋ ደጋ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ጎሚስታ ወይም አነስተኛ ጋራዥ ለመክፈት ያሰበ ሰው ዘወትር የሚያቀርብልኝ ጥያቄ «ስንት ሊትር ኮምፕሬሰር ልግዛ?» የሚል ነው። ሁለተኛው ጥያቄ የሚመጣው ከተገዛ በኋላ ነው፦ «ሸዋ ሮቢት ያለው ወንድሜ የገዛውም ይኸው ዓይነት ነው፤ የእሱ ቶሎ ሞልቶ ያርፋል፣ የእኔ ግን ቀኑን ሙሉ ሲጮኽ ይውላል። ተበላሽቶ ይሆን?» የሁለቱም ጥያቄዎች መልስ አንድ ቦታ ይገናኛል። ሊትሩ የሚነግርዎ አየሩ የሚጠራቀምበትን ታንከር ስፋት ብቻ ነው፤ ሥራዎን የሚወስነው ፓምፑ በደቂቃ የሚሰጠው አየር ሲሆን፣ ይህም መጠን በእኛ ከፍታ ላይ በእጅጉ ይቀንሳል። ታንከሩን በሚመለከት መጠየቅ ያለበት ከስፋቱ በፊት ጥንካሬው ነው፤ ምክንያቱም የሳሳ ታንከር ፈንድቶ ሰው ሊገድል ይችላል።

ይህ መመሪያ የተጻፈው በኤሌክትሪክ ወይም በቤንዚን ሞተር ለሚሠራ፣ ፒስተን ላለውና እስከ 500 ሊትር ታንከር ለሚይዝ ኮምፕሬሰር ነው።

ለምርጫና ለፍተሻ የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ማስታወሻ ደብተር፣ እስክሪብቶና የሂሳብ ማሽን
- ሰዓት የሚቆጥር ስልክ
- የእጅ ባትሪና ትንሽ መስታወት (የታንከሩን ሆድ ከታች ለማየት)
- የሽቦ ብሩሽ
- የሳሙና ውኃና ስፖንጅ (አየር የሚያፈስ ቦታ ለማግኘት)
- የኤሌክትሪክ ቴስተር
- ትክክለኛነቱን የሚያውቁት የጎማ ግፊት መለኪያ
- የዓይን መከላከያ መነጽርና ጓንት

ደረጃ 1፦ የሚሠሩትን ሥራ ለይተው ይጻፉ

በቀን ስንት ጎማ፣ የምን ዓይነት ተሽከርካሪ ጎማ እንደሚነፉ፣ ቀለም ይረጩ እንደሆነ፣ በአየር የሚሠራ የቡሎን መፍቻ ይጠቀሙ እንደሆነ ይመዝግቡ። ይህን ሳያደርጉ ገበያ የወጣ ሰው የሚገዛው ነጋዴው እጅ ላይ ያለውን ነው።

በተለይ ግፊቱን ይለዩ። ግፊት የሚለካው በፒ ኤስ አይ ወይም በባር ነው። የቤት መኪና ጎማ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 36 ፒ ኤስ አይ ይነፋል፤ የከባድ መኪና ጎማ ግን ከ100 እስከ 120 ፒ ኤስ አይ ይፈልጋል። 1 ባር 14.5 ፒ ኤስ አይ ስለሆነ 120 ፒ ኤስ አይ ማለት 8.3 ባር ገደማ ነው። ስለዚህ ከፍተኛ ግፊቱ 8 ባር የሆነ ኮምፕሬሰር፣ ታንከሩ የቱንም ያህል ቢሰፋ፣ ይህን ጎማ ሊሞላው አይችልም፤ አየር ከታንከሩ ወደ ጎማው የሚሄደው የታንከሩ ግፊት ከጎማው ሲበልጥ ብቻ ነው። የደሴን መንገድ ይዘው የከባድ መኪና ደንበኛ የሚጠብቁ ከሆነ፣ ከፍተኛ ግፊቱ 12 ባር ገደማ የሚደርስና አየሩን በሁለት እርከን የሚጨምቅ ማሽን ይፈልጉ። የሚያስተናግዱት ባጃጅና የቤት መኪና ብቻ ከሆነ 8 ባር ይበቃዎታል።

ደረጃ 2፦ በመለያው ላይ ያለውን ሊትር በእኛ ከፍታ ያስሉት

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2840 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የከባቢው አየር ግፊት 0.72 ባር አካባቢ ሲሆን፣ በባሕር ዳርቻ ግን 1 ባር ያህል ነው። ፒስተኑ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው የአየር ስፋት የትም ቦታ አንድ ዓይነት ነው፤ እዚህ ግን የሚስበው አየር ስስ በመሆኑ ወደ ታንከሩ የሚገባው መጠን ያንሳል። ማሽኑ አልተበላሸም ማለት ነው።

ሌላም ቅናሽ አለ። በአነስተኛ ኮምፕሬሰሮች መለያ ላይ «250 ሊትር በደቂቃ» ተብሎ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ፒስተኑ የሚጠርገው ስፋት ነው እንጂ በቱቦው የሚወጣው አየር አይደለም፤ በትክክል የሚወጣው ከ60 እስከ 70 በመቶው ያህል ነው። ስለዚህ የመለያውን ቁጥር መጀመሪያ በ0.65፣ ቀጥሎ በ0.72 ያባዙት። 250 ሊትር የተባለው 117 ሊትር ሆኖ ያገኙታል፤ በአጭሩ ከግማሽ በታች ነው።

ይህ ቁጥር በሥራ ላይ ምን እንደሚያመጣ በአንድ የከባድ መኪና ጎማ እንየው። የጎማው የውስጥ ስፋት 150 ሊትር ነው ብንል፣ እስከ 7.5 ባር ለመንፋት 150 በ7.5 ተባዝቶ 1125 ሊትር አየር ያስፈልጋል። ከላይ የተጠቀሰው ማሽን፣ ታንከሩ ውስጥ አስቀድሞ የተጠራቀመው ሳይቆጠር፣ ይህን አየር በባሕር ዳርቻ በ7 ደቂቃ፣ 1280 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ሸዋ ሮቢት በ8 ደቂቃ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ግን ወደ 10 ደቂቃ በሚጠጋ ጊዜ ያቀርባል። ከ3000 ሜትር በላይ ባለችው መሐል ሜዳ ደግሞ ከዚህም ይዘገያል። የወንድምዬው ኮምፕሬሰር ቶሎ የሚያርፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ፒስተን ያለው ኮምፕሬሰር ያለ ዕረፍት እንዲሠራ አልተሠራም። ከአንድ ሰዓት ውስጥ ከግማሹ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ስለዚህ ባሰሉት ፍላጎት ላይ ይህንንም ጨምረው ከፍ ያለውን ይምረጡ። ከፍታው የፓምፑን ሙቀትም ይጨምራል፦ እስከ 8 ባር ሲጨምቁ አየሩ በባሕር ዳርቻ 9 እጥፍ ሲታመቅ እዚህ ግን 12 እጥፍ ይታመቃል፤ ብዙ በታመቀ ቁጥር የፓምፑ ራስ ይግላል፣ ዘይቱም ቶሎ ይከስላል። ሁለት እርከን ያለው ማሽን መሐል ላይ አየሩን ስለሚያቀዘቅዘው ለደጋ ይሻላል የምለው በዚህ ነው።

የመኪና ቀለም ለመርጨት ላሰቡ፦ ብዙ የቀለም መርጫዎች በደቂቃ 250 ሊትርና ከዚያ በላይ አየር ያለማቋረጥ ይጠጣሉ። ይህን በደብረ ብርሃን ለማግኘት በመለያው ላይ ከ530 ሊትር በላይ የተጻፈበት ማሽን ያስፈልጋል፤ ዕረፍት እንዲያገኝ ከፈለጉ ደግሞ ከዚያም በላይ።

ደረጃ 3፦ ኤሌክትሪክዎን ይመርምሩ

ማሽን ከመግዛትዎ በፊት ቆጣሪዎ ሲንግል ፌዝ (ባለ አንድ መስመር) ይሁን ስሪ ፌዝ (ባለ ሦስት መስመር) ይወቁ። 3 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር 2.2 ኪሎዋት ገደማ ሲሆን በ220 ቮልት 13 ወይም 14 አምፔር ይስባል፤ ሲነሣ ግን ለአፍታ የዚህን ብዙ እጥፍ ይስባል። ከዚህ ከፍ ላለ ጉልበት 380 ቮልት ስሪ ፌዝ ቢያስገቡ ይመረጣል።

ምሽት ላይ፣ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ በሚጥድበት ሰዓት፣ ቮልቴጁን በቴስተር ይለኩ። ከ200 በታች ሲወርድ ካዩ፣ በዚያ ሰዓት ኮምፕሬሰር ማስነሣት ሞተሩን ያቃጥላል፤ ቮልት ሲያንስ ሞተሩ ያንኑ ጉልበት ለማውጣት ብዙ አምፔር ስለሚስብ በውስጡ ያለው የሽቦ ጥቅልል ይግላል። በቀጭን የኤክስቴንሽን ገመድ ማስነሣትም ተመሳሳይ ጉዳት አለው። ርቀት ካለ የሚረዝመው የአየር ቱቦው ይሁን እንጂ የኤሌክትሪክ ገመዱ አይሁን። የራሱ ብሬከርና የመሬት ሽቦ ያለው መስመር በባለሙያ ያስዘርጉ።

የሞተሩን መለያም ያንብቡ። ከውጭ ያገለገለ ሆኖ የመጣ ማሽን 110 ቮልት ወይም 60 ኸርዝ የሚል ከሆነ ለእኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ መስመር አይስማማም። የኤሌክትሪክ ሞተር በመለያው ላይ የተጻፈለትን ጉልበት የሚሰጠው፣ ሌላ ካልተጻፈበት በቀር፣ እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ታስቦ ነው፤ ስስ አየር በደንብ አያቀዘቅዘውምና። የአገራችን ብርድ ጥቂት ቢያካክሰውም በአንድ ደረጃ ከፍ ያለ ሞተር መምረጥ አይጎዳም። የቤንዚን ሞተር ደግሞ ለማቃጠል የሚያስፈልገው አየር ስለሚያንሰው በደብረ ብርሃን ከጉልበቱ 30 በመቶ ያህሉን ያጣል።

ደረጃ 4፦ ታንከሩን ይፈትሹ

እዚህ ላይ አይቸኩሉ። በ10 ባር የተሞላ 200 ሊትር ታንከር በአንድ ጊዜ ቢፈነዳ የሚለቀው ኃይል 1000 ኪሎ የሚመዝን መኪና ከ25 ሜትር በላይ ሽቅብ ለማንሣት የሚበቃ ነው። ይህ ኃይል ከእርስዎና ከሠራተኛዎ ጥቂት ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጦ ይውላል።

መጀመሪያ በታንከሩ ላይ በብየዳ ወይም በሪቬት የተያያዘውን የብረት መለያ ይፈልጉ። የሠሪው ስም፣ የተሠራበት ዓመት፣ ተከታታይ ቁጥር፣ ስፋት፣ ከፍተኛ የሥራ ግፊትና የፍተሻ ግፊት ተጽፎበት ሊገኝ ይገባል። መለያ የሌለውን ታንከር፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ፣ አይግዙ፤ ምን ያህል ግፊት እንደሚችል የሚያውቅ ሰው የለምና። ከማቀዝቀዣ ጋዝ ወይም ከማብሰያ ጋዝ ሲሊንደር በአገር ቤት ተበይዶ የተሠራ ታንከርም እንዲሁ አይገዛም።

ቀጥሎ አየሩን ሙሉ በሙሉ ያስወጡና ሆዱን ከታች በእጅ ባትሪና በመስታወት ይመልከቱ። አየር ሲታመቅ በውስጡ ያለው እርጥበት ውኃ ሆኖ ከታች ይጠራቀማል፤ ስለዚህ ታንከር የሚበላው ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከሆዱ በኩል ነው። ከላይ አዲስ ቀለም የተቀባ ታንከር ከታች ሊበሳ የደረሰ ሊሆን ይችላል፤ እንዲያውም ያገለገለ ማሽን ላይ ትኩስ ቀለም ሳይ ጥርጣሬዬ ይጨምራል። የውኃ ማስወጫውን ይክፈቱ፤ ወፍራም ቀይ ዝገት ከውኃው ጋር ከወረደ ማሽኑን ይተዉት። ቀለሙ ያበጠበትን ቦታ በሽቦ ብሩሽ ይፈግፍጉ፤ ጉድጓድ ጉድጓድ የሆነ ብረት ካገኙም እንዲሁ ይተዉት።

የተለጠፈ ብየዳ ያለበት ታንከር ሌላው የማይታለፍ ምልክት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወዳጄ ሊገዛው የነበረውን ማሽን እንዳይለት ወስዶኝ ነበር፤ ከሆዱ ሥር የሳንቲም ያህል ጠጋኝ ብረት ተበይዶበት አገኘሁ። ሻጩ «አያፈስም» አለ፤ እውነቱንም ነበር። ነገር ግን የሳሳ ብረት በአንድ ቦታ ሲበሳ ዙሪያው ሁሉ ሳስቷል ማለት ነው፤ ብየዳው ቀዳዳውን ይዘጋል እንጂ የሳሳውን አያወፍርም፣ ሙቀቱም በዙሪያው ያለውን ያደክመዋል። ሳንገዛው ተመለስን።

ያገለገለ ታንከር መግዛት ግድ ከሆነብዎ፣ ዕቃው ባለው ባለሙያ ዘንድ በውኃ ግፊት ያስፈትሹት። ፍተሻው የሚደረገው ታንከሩ በውኃ ጢም ብሎ ከሞላ በኋላ፣ በመለያው ላይ እስከተጻፈው የፍተሻ ግፊት ድረስ ነው። ውኃ የማይታመቅ ስለሆነ ታንከሩ ቢሰነጠቅ ውኃው ፈስሶ ያበቃል። በአየር መፈተሽ ግን ራሱን ፍንዳታውን መጥራት ነው፤ ፈጽሞ አያድርጉት።

ደረጃ 5፦ የመከላከያ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ይመልከቱ

ሴፍቲ ቫልቭ፦ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ በራሱ ተከፍቶ አየሩን ያስወጣል። በላዩ የተጻፈው ግፊት ከታንከሩ ከፍተኛ የሥራ ግፊት መብለጥ የለበትም። ታንከሩ 10 ባር ሆኖ ቫልቩ 12 ባር ከሆነ መከላከያ የለዎትም። ቀለበቱን ሲስቡት አየር መልቀቅ፣ ሲለቁት መዝጋት አለበት።

የግፊት ማብሪያ ማጥፊያ፦ ሞተሩን በከፍተኛው ግፊት አጥፍቶ፣ ሲቀንስ የሚያስነሣው ክፍል ነው። ሞተሩ ሲጠፋ አጭር «ትሽ» የሚል ድምፅ መሰማት አለበት፤ ይህ ከፓምፑ ራስ ላይ ያለው አየር መውጣቱን ያመለክታል። ድምፁ ከሌለ ሞተሩ በሚቀጥለው ጊዜ ሸክም ተሸክሞ ስለሚነሣ ይቃጠላል። ድምፁ ሳያቋርጥ ከቀጠለ ደግሞ በታንከሩ መግቢያ ላይ ያለው አየር የማይመልሰው ቫልቭ ተበላሽቷል።

የግፊት መለኪያው መርፌ አየር በሌለበት ዜሮ ላይ መቀመጥ አለበት። ሞተሩንና ፓምፑን የሚያገናኘው ቺንጋ በብረት ወንፊት የተሸፈነ ይሁን፤ ጋቢ ወይም ሻርፕ የለበሰ ሰው በሚመላለስበት ቤት ይህ ወንፊት የሰው ሕይወት ይጠብቃል።

ደረጃ 6፦ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት በሰዓት ይለኩት

ማሽኑ ተነሥቶ ግፊቱ 6 ባር ሲደርስ ሰዓት ያስጀምሩ፣ 8 ባር ሲደርስ ያቁሙ። የታንከሩን ሊትር በ2 (በ6 እና በ8 ባር መካከል ባለው ልዩነት) ያባዙና በደቂቃው ያካፍሉ። 200 ሊትር ታንከር 2 ደቂቃ ተኩል ከፈጀበት፣ 400 ለ2.5 ሲካፈል በደቂቃ 160 ሊትር አየር ይሰጣል ማለት ነው። ይህ በባሕር ዳርቻ መለኪያ የተገለጸ እውነተኛ መጠን ስለሆነ በደረጃ 2 ካሰሉት ፍላጎትዎ ጋር በቀጥታ ያስተያዩት። የለኩት አዲስ አበባ ከሆነ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ጥቂት እንደሚቀንስ ያስቡ።

ከዚያ ማሽኑን አጥፍተው ለ15 ደቂቃ ይተዉትና መርፌው ወርዶ እንደሆነ ይመልከቱ። ከወረደ መጋጠሚያዎቹን በሳሙና ውኃ ያብሱ፤ አረፋ የሚያወጣው ቦታ ያፈሳል። ከመጋጠሚያ ማፍሰስ ይጠበቃል፣ ይጠገናል፤ አረፋው ከታንከሩ ብረት ወይም ከብየዳው ላይ ከወጣ ግን ግዢው ይቅር።

ደረጃ 7፦ ቦታውን ያዘጋጁ

ማሽኑን ደልዳላ መሬት ላይ፣ ከግድግዳ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር አርቀው ያስቀምጡ፤ ማራገቢያው አየር ካላገኘ የፓምፑ ራስ ይነዳል። የአየር መሳቢያው ከመፍጫ ብናኝ፣ ከቀለም ትነትና ከመኪና ጭስ የራቀ ይሁን። ለአየር መስመር የውኃ ፕላስቲክ ቧንቧ አይዘርጉ፤ በግፊት ሲሰበር እንደ ጠርሙስ ስባሪ ይበተናል። የብረት ቧንቧ ወይም ለአየር ተብሎ የተሠራ ቱቦ ይጠቀሙ።

ደረጃ 8፦ የመጀመሪያው ማስነሻና የዕለት ጥበቃ

ዘይቱን በፓምፑ የዘይት ማያ መስኮት ላይ እስካለው ምልክት ድረስ ይሙሉ። ለኮምፕሬሰር ተብሎ የተሠራ ዘይት ይሁን እንጂ የመኪና ሞተር ዘይት አይሁን፤ በሞተር ዘይት ውስጥ ያለው ማጽጃ በፓምፑ ግለት ከስሎ ቫልቮቹ ላይ ይጋገራል። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ዘይቱ ስለሚወፍር፣ የማሽኑ መመሪያ ለብርድ ቀጠን ያለ ቁጥር የሚፈቅድ ከሆነ ያንን ይምረጡ። ስሪ ፌዝ ከሆነ የመዘውሩ አዙሪት ከቀስቱ ጋር መግጠሙን ያረጋግጡ፤ በተቃራኒ ከዞረ ፓምፑ በሚገባ አይቀዘቅዝም፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ከሦስቱ ፌዞች ሁለቱን ይቀያይርልዎ። ማሽኑ አዲስ ከሆነ መጀመሪያ የውኃ ማስወጫው ተከፍቶ ለ20 ወይም 30 ደቂቃ ያለ ግፊት ይሽከርከር።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ማታ ውኃውን ያስወጡ፣ በየሳምንቱ የሴፍቲ ቫልቩን ቀለበት ይሳቡ፣ የአየር ማጣሪያውን ያራግፉ።

ጥብቅ ማስጠንቀቂያ፦ ይህ አየር ለመተንፈሻ አይሆንም

በዚህ ኮምፕሬሰር የዋናተኛ መጥለቂያ ሲሊንደር ወይም የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሲሊንደር መሙላት ይቻል እንደሆነ፣ ወይም ቱቦውን ከጭንብል ጋር አያይዞ ቀለም ሲረጩ መተንፈስ ይቻል እንደሆነ የሚጠይቁኝ አሉ። አይቻልም። የመጥለቂያ ሲሊንደር 200 ወይም 232 ባር፣ የእሳት አደጋው ደግሞ እስከ 300 ባር የሚሞላ ሲሆን የእኛ ማሽን ከ8 እስከ 12 ባር ነው።

ከግፊቱ ይልቅ የሚያስፈራው የአየሩ ጥራት ነው። በዘይት የሚሠራ ፓምፕ ሲግል የዘይት ትነት ያወጣል፤ ዘይቱ ከከሰለ፣ ወይም መሳቢያው የሞተር ጭስ ከሳበ፣ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አብሮ ይገባል። የአውሮፓው የመተንፈሻ አየር መለኪያ ኢ ኤን 12021 የሚፈቅደው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሚሊዮን 5 እጅ ብቻ ነው። ጠላቂ 30 ሜትር ጥልቀት ላይ ሲደርስ ግፊቱ 4 እጥፍ ስለሚሆን የመርዙ ጉልበትም በዚያው ልክ ይባዛል። ለመተንፈሻ የሚሆነው ለዚሁ ተብሎ የተሠራ፣ የራሱ ማጣሪያዎች ያሉትና አየሩ በየጊዜው የሚመረመር ባለ ከፍተኛ ግፊት ኮምፕሬሰር ብቻ ነው።

ዘወትር የሚታዩ ስሕተቶች

- ሴፍቲ ቫልቩ ሲያፈስ በቡሎን መድፈን። ቫልቩ ርካሽ ነው፤ ዕለቱን ይቀይሩት።
- ጎማው አልሞላ ሲል የግፊት ማብሪያ ማጥፊያውን ከታንከሩ ልክ በላይ ማጥበቅ።
- በአየር ቱቦ የልብስ አቧራ ማራገፍ ወይም ሰው ላይ እየነፉ መጫወት። የታመቀ አየር በቆዳ ቁስል በኩል ወደ ደም ሊገባ፣ ዓይንና ጆሮም ሊያጠፋ ይችላል። ልጆች በጋራዥ ዙሪያ ካሉ ቱቦውን ሰቅለው አየሩን ይዝጉ።
- የከባድ መኪና ጎማ ሲነፉ ፊት ለፊት መቆም። ጎማውን በብረት መከላከያ ውስጥ አስገብተው፣ በረጅም ቱቦ ከጎን ቆመው ይንፉ።
- ቡሎን ለማጥበቅ ወይም ለመበየድ ሲባል አየር ያለበትን ታንከር መንካት። መጀመሪያ ይነቀል፣ ከዚያ መርፌው ዜሮ እስኪል አየሩ ይውጣ። ታንከሩ ራሱ ግን ባዶም ቢሆን አይበየድም።
- የጄነሬተር ወይም የቤንዚን ኮምፕሬሰር ጭስ በተዘጋ ቤት ውስጥ ማስወጣት።
- በውርጭ ጠዋት የውኃ ማስወጫው አልከፈት ሲል በእሳት ማሞቅ። ውኃው ቀዝቅዞ በረዶ ሆኗል ማለት ነው፤ ማሽኑን ሳያስነሡ ለብ ያለ ውኃ በጨርቅ እያደረጉ ያሙቁትና ውኃው ወርዶ ካለቀ በኋላ ያስነሡት።